እጮኛሽ ዲሴቢሊቲ እንደሚወስድ ከሠርጉ በፊት ስታውቂ

ነገሩ የወጣው ለሠርጋችን 3 ሳምንት ሲቀረው፣ ጃንዋሪ 2026 መጀመሪያ ላይ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ልንከራይ ነበር። አከራዮቹ ከሁለታችንም የ3 ወር የባንክ ስቴትመንት ጠየቁ። እጮኛዬ ላይብረሪ ሄዶ ፕሪንት አደረገና በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ። "አንቺው ላኪላቸው" አለኝ። ረስቶት ነው ወይስ አስቦበት? እስከ ዛሬ እንከራከራለን። እሱ ረስቼው ነው ይላል። እኔ ግን አፉ እምቢ ሲለው ወረቀቱ እንዲናገርለት የፈለገ ይመስለኛል።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በስልኬ ሳነሳ ዓይኔ ቁጥሮቹ ላይ ቀረ። ኦክቶበር 1፣ 394 ዶላር። ኦክቶበር 3፣ 593 ዶላር። ኦክቶበር 31፣ እንደገና 394። ኖቬምበር ላይ 593ቱ ብቻ። ዲሴምበር ላይ በ1 394፣ በ31 ደግሞ 405። ሁሉም ጎን "ትሬዠሪ 310" የሚል ጽሑፍ አለ። የአጎቱ ልጅ ሱቅ ተቀጥሮ እንደሚሠራ ነበር የማውቀው። የሱቅ ደሞዝ ደግሞ ከአሜሪካ ግምጃ ቤት አይመጣም። ዲሴቢሊቲ መሆን አለበት፤ ታሞ ወይም ተጎድቶ መሥራት ላቃተው ሰው መንግሥት በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ።

አንቺ እያልኩ የምጽፈው የሚመቸኝ ስለሆነ ነው። ወንድ ሆነህ የምታነብም ካለህ ነገሩ ያው ነው። የምናገረውም ስለ አሜሪካ ነው፤ ሌላ አገር ሕጉ ሌላ ነው።

መጀመሪያ የማይደረገው

እኔ የፋርማሲ ቴክኒሽያን ነኝ። በማግሥቱ ሥራ ገባሁ። ኮምፒውተሩ ፊቴ ተደቅኗል። ስሙንና የልደት ቀኑን ባስገባ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ በ10 ሰከንድ ማወቅ እችል ይሆናል። ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ነበር። አልነካሁትም። ጻድቅ ሆኜ አይደለም። ሲስተሙ ማን ምን እንዳየ ይመዘግባል። ያለ ሥራ ምክንያት የሰው ፋይል መክፈት ደግሞ የሕመምተኛን ምስጢር በሚጠብቀው በሂፓ ሕግ ያስጠይቃል፣ ከሥራም ያስባርራል። ሌላም ነገር ነበር። ሰርቄ ባየው ኖሮ፣ እሱ ሲነግረኝ ገና እንደሰማሁ መምሰል ይኖርብኛል። ያኔ ከእኛ ቤት ውሸታሙ ሁለት ሊሆን ነው።

ስለዚህ አትበርብሪ። የሰው ፖስታ መክፈት በፌደራል ሕግ ወንጀል ነው። ዲሴቢሊቲውን ወደሚከፍለው የመንግሥት ቢሮ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ደውለሽ "እጮኛው ነኝ" ብትዪም ያለ እሱ ፈቃድ ምንም አይነግሩሽም። ደግሞም ነገሩን ከራሱ አፍ ካልሰማሽው ስታገቢው በምን ታምኚዋለሽ?

ለሰውም አትንገሪ። እኔ እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ። ለአንዲት ጓደኛዬ ነገርኳት። "ውይ! እንግዲህ ጭንቅላቱን ነው ማለት ነዋ" አለችኝ። ሌላ ሰው ደግሞ "ሰነፍ ነው እንጂ ምን ሆነ፣ ደህና ቆሞ ይሄድ የለ" አለ። ያ "ሌላ ሰው" ከየት ሰማ? መልሱን ታውቂዋለሽ። ሁለት ቀን ሳይሞላው ያልታመመውን በሽታ ሁሉ ታሞ ነበር።

እንዴት ትጠይቂዋለሽ

መኪና ውስጥ ጠየቅሁት። የምነዳው ሁሌም እኔ ነኝ። እሱ "የዚህ አገር መንዳት አልወድም" ይለኝ ነበር፣ እኔም አመልን ማን ያውቃል ብዬ ትቼዋለሁ። ዊተን መናፈሻው አጠገብ አቆምኩ። መኪና ለእንደዚህ ያለ ወሬ ጥሩ ነው፤ ፊት ለፊት አትተያዩም፣ ቡና የሚያቀርብም ሆነ ጣልቃ የሚገባ የለም።

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። "ስቴትመንቱን አየሁት። በ1 እና በ3 የሚገባውን። ልጣላህ አይደለም። ከአንተ መስማት ነው የምፈልገው።" ከዚያ ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ። "ለምን ደበቅከኝ" ብዬ ብጀምር ኖሮ ራሱን ሲከላከል እናመሽ ነበር።

ብዙ ቆየና "ክብሪት እንዳይጭሩብኝ ነው" አለ።

አገር ቤት ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ደሴ ተማሪ ሳለሁ አንዲት ልጅ ሰልፍ ላይ ወደቀች። አስተማሪው ሳይቀር "ክብሪት! ክብሪት!" እያለ ጮኸ። አፍንጫዋ ሥር ጭረው አሸተቷት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዴስክ የሚጋራት ጠፋ። የሚጥል በሽታ፣ እዚህ ኤፒለፕሲ የሚሉት፣ እኛ ዘንድ ጸበል እንጂ ሐኪም የሚያውቀው ነገር አይመስለንም። እሱን በ29 ዓመቱ ጀመረው። ሆቴል ውስጥ ላውንደሪ ይሠራ ነበር፣ ሥራ ላይ ሁለቴ ወደቀ። ዲሴቢሊቲ ሲያመለክት መጀመሪያ ከለከሉት። ይግባኝ ብሎ፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ ነው የፈቀዱለት። እዚህ ካሉት ዘመዶቹ በሽታውን የሚያውቁት እናቱና እህቱ ብቻ ናቸው።

ወዲያው ይቅር አላልኩትም። በሽታውን መደበቁ ገባኝ፤ ፍርሃት ነው። ገንዘቡን መደበቁ ግን ሌላ ነው። "የሱቅ ደሞዝ" ብሎ የነገረኝ ቁጥር የእኔም ስም ያለበት የኪራይ ማመልከቻ ላይ ሊገባ ነበር። ይህንኑ እዚያው መኪና ውስጥ ነገርኩት። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ሠርጉን ከጥር ከፋሲካ በኋላ ወዳለው ጊዜ ገፋነው። ለቤተሰብ "አዳራሽ አልተገኘም" አልን። ውሸት ነው፣ አውቃለሁ።

የትኛው ዲሴቢሊቲ ነው?

ይህን ክፍል ደግመሽ አንብቢው። የእኛ ሰው ሁሉንም "ዲሴቢሊቲ ላይ ነው" ብሎ ይጠቀልለዋል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ጋብቻም የሚነካቸው በተለያየ መንገድ ነው።

አንደኛው ኤስኤስዲአይ ነው። በ1956 የመጣ ነው። ሰውየው ሲሠራ ከደሞዙ ለሶሻል ሴኩሪቲ ከተቆረጠው የሚገኝ፣ ኢንሹራንስ ማለት ነው። ሠርቶ የከፈለበት ነው፣ ምጽዋት አይደለም። በራሱ ሥራ ያገኘው ከሆነ ብታገቢው አንድ ሳንቲም አይቀነስም። አንቺ ሚሊየነር ብትሆኚም አይመለከተውም። ባንክ ያለው ገንዘብም አይቆጠርም።

ሁለተኛው ኤስኤስአይ ነው። በ1974 ሥራ የጀመረ፣ ገቢውና ንብረቱ ትንሽ ለሆነ ሰው የሚሰጥ ድጋፍ ነው። በ2026 ፌደራሉ ለአንድ ሰው ቢበዛ 994 ዶላር ይሰጣል፤ ለባልና ሚስት ሁለቱም ተቀባይ ከሆኑ በድምሩ 1,491። ሁለቱ ሳይጋቡ ለየብቻ ቢያገኙት ኖሮ 1,988 ነበር። መጋባታቸው በወር 497 ዶላር ያስከፍላቸዋል ማለት ነው። የሚፈቀደው ንብረት ለአንድ ሰው 2,000 ዶላር፣ ለጥንዶች 3,000 ነው። ይህ ቁጥር ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። የዚያን ጊዜ ዳቦ በስንት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው እዚያ ቤት የለም መሰለኝ። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም።

ሦስተኛም አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ጉዳቱ ከ22 ዓመት በፊት የጀመረ ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ ሥራ ላይ ተመሥርቶ ሊያገኝ ይችላል። ይህኛው ሰውየው ሲያገባ ብዙውን ጊዜ ጭራሹን ይቆማል፤ የሚያገባት ሰው እሷም የተወሰኑ የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያዎችን የምታገኝ ካልሆነች በቀር። ስለዚህ "ኤስኤስዲአይ ነው" ሲልሽ "በማን ሥራ፣ በአንተ ወይስ በአባትህ?" ብለሽ ጠይቂ።

ስቴትመንት ላይ በቀን ይለያሉ። ኤስኤስአይ ወር በገባ በ1 ይገባል። 1 ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ከሆነ ከዚያ በፊት ባለው የሥራ ቀን ይከፈላል። የ394ቱ እንቆቅልሽ የተፈታልኝ በዚህ ነው። ኖቬምበር 1 ቅዳሜ ነበር፣ ስለዚህ በኦክቶበር 31 ገባ። የጃንዋሪው ደግሞ ለአዲስ ዓመት በዓል ሲባል በዲሴምበር 31። ኤስኤስዲአይ ብቻውን ከሆነ በልደት ቀን ተከፋፍሎ በወሩ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ረቡዕ ይመጣል። ሁለቱንም የሚያገኝ ሰው ኤስኤስዲአዩ በ3 ይገባለታል። የእኔው ሰው ሁለቱንም ነበር የሚያገኘው።

ሌላው ምልክት የታክስ ወረቀት ነው። ኤስኤስዲአይ ጃንዋሪ ላይ ኤስኤስኤ 1099 የሚባል ቅጽ ያስመጣል። ኤስኤስአይ አያስመጣም፣ ታክስም የለበትም።

በግምት ግን አትሂዱ። እሱ ማይ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለውን አካውንት ከፍቶ የቤኔፊት ማረጋገጫ ደብዳቤ እዚያው ማውጣት ይችላል። እኛ ያወጣነው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እኔ ሽሮ እየሠራሁ ነው። እሱ ፓስዋርዱን ሦስቴ ተሳሳተ። ደብዳቤው ላይ ሁለቱም ተጽፈዋል። በኢንተርኔት ካልሆነ 1-800-772-1213 ይደውል፤ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ያገናኙታል። ደዋዩ እሱ ይሁን፣ አንቺ አጠገቡ ተቀመጪ።

ሒሳቡ

እርሳስና ወረቀት ያዙ። የእኛን ልንገርሽ።

ከጃንዋሪ ጀምሮ እሱ 609 ዶላር ኤስኤስዲአይና 405 ኤስኤስአይ ያገኛል። ድምር 1,014። እኔ ከታክስ በፊት በወር 3,800 አገኛለሁ። ስንጋባ የእኔ ደሞዝ በእሱ ላይ ይቆጠራል። ከ3,800 ላይ 65 ይነሣል (ሌላዋ 20 ከእሱ ኤስኤስዲአይ ላይ ተነሥታለች)፣ የቀረው ይገመሳል፣ 1,867.50 ይመጣል። የጥንዶቹ ጣሪያ 1,491 ስለሆነ በእኔ ደሞዝ ብቻ አልፈነዋል። ኤስኤስአዩ ዜሮ። ኤስኤስዲአዩ 609 እንዳለ ይቀጥላል።

የአንቺ ደሞዝ ትንሽ ከሆነ ሙሉውን ላይቆም ይችላል። እጮኛሽ ኤስኤስአይ ብቻ የሚወስድ ነው እንበል፣ ልጅም የላችሁም። አንቺ በወር 2,000 ታገኛለሽ። ከዚያ ላይ 20 እና 65 ቀንሺ፣ 1,915። ግማሹ 957.50። ከ1,491 ላይ ስትቀንሽው 533.50 ይቀራል። 994 የነበረው ወደዚያ ይወርዳል ማለት ነው። በዚሁ ስሌት ደሞዝሽ ከ3,067 አካባቢ ሲያልፍ ምንም አይተርፍም።

ደሞዝ ብቻ አይደለም የሚታየው። የአንቺ ቁጠባም ይቆጠራል። የእኔ የሠርግ ገንዘብ 11,000 ነበር፤ እሱ ብቻውን ከ3,000 አስወጣን። የሥራ ቦታ ጡረታሽ፣ 401ኬ የምንለው፣ አንቺ ኤስኤስአይ እስካልወሰድሽ ድረስ አይቆጠርም። አዲስ አበባ በስምሽ ያለ ኮንዶሚኒየም ግን ይቆጠራል፤ አትኖሪበትማ። ኪራዩም ገቢ ነው። ጀሞ ያለችኝን ቤት "እሷንማ ከዚህ ሆነው በምን ያውቃሉ" ያለኝ ሰው ነበር። ቅጹ ላይ የምትፈርሚው ግን እውነት ነው ብለሽ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ ሕክምናው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ኤስኤስአይ የሚያገኝ ሰው ሜዲኬይድ፣ ገቢው ትንሽ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ አብሮት ይመጣል። ኤስኤስአዩ ሲቆም ያም እንደገና ይታያል። ኤስኤስዲአይ 24 ወር ከተከፈለ በኋላ ሜዲኬር የሚባለውን ሌላውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ያስገኛል፣ ያ አይቆምም። ነገር ግን ኤስኤስአዩ እስኪቆም ድረስ የሜዲኬሩን ፓርት ቢ፣ የሐኪም ወጪ የሚሸፍነውን ክፍል፣ ወርሃዊ ክፍያ ስቴቱ ነበር የሚከፍልለት። በ2026 በወር 202.90 ዶላር ነው። ከ609 ላይ ሲቆረጥ ምን እንደሚቀር አስቢው። እኛ የመረጥነው እሱን የእኔ ሥራ ኢንሹራንስ ውስጥ ማስገባት ነው፣ በወር 168 ዶላር ተጨመረብኝ። አሠሪዬ ከ100 በላይ ሠራተኛ ስላለው ፓርት ቢን ለጊዜው ቢተወው በኋላ ቅጣት የለበትም። የአንቺ መሥሪያ ቤት ትንሽ ከሆነ ይህን እንዳታደርጊ፣ መጀመሪያ የሠራተኛ አስተዳደሩን፣ ኤችአርን፣ ጠይቂ። ጋብቻ ኢንሹራንስ ለመጨመር ከዓመቱ ምዝገባ ውጭ በር ይከፍታል፣ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ነው ያለሽ። ድሮ የነበረ በሽታ ነው ብለው ሊከለክሉ አይችሉም። የሚወስዳቸው መድኃኒቶች በአንቺ ኢንሹራንስ ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውን ከሠርጉ በፊት እይ። እኔ ያየሁት በዚህ በኩል ነው፤ ይህ ሥራዬም ነው፣ እሱም ስማቸውን ራሱ ነግሮኛል።

በጠቅላላው በወር 573 ዶላር ገደማ አጣን። ጽፈነው ሳየው ደነገጥኩ። ከዚያ ግን ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ይህ ሰው ዕቁብ አይገባም ነበር። ሁሌ ሰበብ አለው። እኔ ቋጣሪ ይመስለኝ ነበር፣ ለእማዬም "ትንሽ ቆጠብ ይላል" ብያታለሁ። ለካ ዕጣው ደርሶት ገንዘቡ ወር በገባ በ1 አካውንቱ ላይ ከተገኘ ከ2,000 ስለሚያልፍ ነው። ለዓመታት 1,900 አካባቢ ሲደርስ እየፈራ ያወጣው ነበር። ኤስኤስአዩ ሲቆም ይህ ጣሪያም ከላዩ ተነሣ። አሁን የሰኞ ዕቁብ ገብቷል። ሰብሳቢው ዘግይቶ ሲመጣ ከእኔ በላይ የሚናደደው እሱ ነው።

ኤስኤስአዩ የሚቀጥልላችሁ ከሆነ ደግሞ ጉዳት ያለበት ሰው የሚቆጥብበትን፣ ኤብል አካውንት የሚባለውን ጠይቁ። ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ጉዳቱ ከ46 ዓመት በፊት የጀመረ ሰው መክፈት ይችላል፤ ድሮ 26 ነበር። እዚያ ውስጥ ያለ እስከ 100,000 ዶላር ኤስኤስአይ ላይ አይቆጠርም።

"ቤተ ክርስቲያን ብቻ ተጋቡ"

ይህን ምክር የሰጡኝ ሰዎች ብዛት! ተክሊል አድርጉ፣ ፍርድ ቤት አትሂዱ፣ መንግሥት በምን ያውቃል? አንዱ መካሪ ደህና የተማረ ሰው ነው።

አይሠራም። ለኤስኤስአይ የጋብቻ ወረቀት መኖሩ ብቻ አይደለም የሚታየው። አንድ ቤት እየኖራችሁ በሰው ፊት ባልና ሚስት ነን ካላችሁ እንደ ባልና ሚስት ይቆጥሯችኋል። 250 ሰው ጠርተሽ፣ ኬክ ቆርሰሽ፣ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጥቶ "አልተጋባንም" ማለት ምን ይሉታል? ሲደረስበት ያለ አግባብ የተከፈለው ሁሉ ይጠየቃል፣ ሆን ተብሎ ከሆነ ደግሞ ወንጀል ነው። የተፈቀደው መንገድ ቀላል ነው፤ የተጋባችሁበትን ወር ተከትሎ በሚመጣው ወር እስከ 10ኛው ቀን ታሳውቃላችሁ።

ስለ ሠርጉ ራሱ ሁለት ነገር። በፖስታ የሚሰጣችሁ ገንዘብ ለኤስኤስአይ ተቀባዩ በዚያ ወር ገቢ ነው፤ ያልጠፋው በሚቀጥለው ወር ንብረት ይሆናል። ማን ስንት እንደሰጠ የሚጽፈው ሰው መቼም ከሠርጋችን አይጠፋም፣ ያንን ደብተር አትጣሉት። ሁለተኛው፣ መልስ ወይም ጫጉላ ብላችሁ አገር ቤት ብትሄዱና እሱ ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን ቢቆይ ኤስኤስአዩ ይቆማል። ተመልሶ 30 ተከታታይ ቀን እስኪኖር አይጀምርም።

የሱቁ ነገር

"በካሽ የምትሠራው አለ?" ብዬ ጠየቅሁት። ይህን ጥያቄ እንዳትዘይው። ሱቅ መሥራቱ ውሸት አልነበረም፤ በወር 2 ቅዳሜ፣ በቀን 80 ዶላር። አላሳወቀም። 160 ላይ 65 ቀንሰሽ ስትገምሺው 47.50 ይመጣል። በየወሩ ይህን ያህል አለአግባብ ተከፍሎታል። 14 ወር ነበር፣ 665 ዶላር። አብረን ሄደን ነገርናቸው። ቢሮ ስንገባ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ አላየችንም፤ ጻፈች፣ ደብዳቤ ይመጣል አለች። መጣ፣ ከፈልን። እንዲህ ያለ ዕዳ ሲመጣ ኤስኤስአይ ላይ ካለ ሰው በየወሩ 10 በመቶ እየቆረጡ መውሰድ የተለመደ ነው። ስህተት ነው የምትሉት ከሆነ በ60 ቀን ውስጥ እንደገና ይታይልኝ ማለት ይቻላል።

ከሠርግ በፊት የተገኘ የ665 ዶላር ዕዳ ልጅ ከተወለደ በኋላ ከሚገኝ የ15,000 ዶላር ዕዳ ይሻላል።

መቼ ትሄጃለሽ?

እኔ ቆይቻለሁ። ሁሉም ይቆይ ማለቴ ግን አይደለም። ደብዳቤውን አላሳይም ካለ፣ ሠርግሽን ከመንግሥት ደብቂ ካለ፣ ወይም የሚከፈልበት ካርድ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ለምን ሲባል መልስ ከሌለው፣ እኔ ብሆን አላገባም። ይህኛው የመጨረሻው አንዳንዴ ሕጋዊ ምክንያት አለው፤ ገንዘቡን እንዲያስተዳድርለት ቢሮው የሾመው ሰው ሊኖር ይችላል። እሱንም ቢሆን በወረቀት አሳይተው ይንገሩሽ። በሽታው ራሱ ግን ለእኔ መሄጃ ምክንያት አልነበረም። ለአንቺ ሊሆን ይችላል፣ እኔ አልፈርድብሽም።

አዲስ አበባ ወይም ቤይሩት ወይም ዱባይ ሆነሽ "ፕሮሰስ ጀምሮልኛል" የምትዪ እህቴ፣ አንቺም ጠይቂ። ለግሪን ካርድሽ የሚሞላው የድጋፍ ቃል ላይ ስፖንሰሩ በአብዛኛው ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ ገቢ ማሳየት አለበት። ኤስኤስአይ እንደ ገቢ አይቆጠርም። እሱ ያለው ያ ብቻ ከሆነ ገቢ ያለው ሌላ አብሮ የሚፈርም ሰው፣ ጆይንት ስፖንሰር፣ ያስፈልጋችኋል። ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ እሺ ማለቱንም አሁኑኑ እወቂ። ጉዳዩ ኤምባሲ ከደረሰ በኋላ ዘመድ መለመን መከራ ነው።

እኛ የተጋባነው ሚያዝያ 17፣ ኤፕሪል 25 ነው። ሜይ 10 የሚለውን ቀን በቀይ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌው ነበር፤ በ5 ሄደን አሳወቅን። ከሠርጉ ሁለት ቀን በፊት እሱ ሚዜዎቹን አራቱንም ሳሎን ሰበሰበ። ሶፋው ላይ ተንጋሎ አሳያቸው። ብወድቅ በጎኔ አዙሩኝ አላቸው፣ አንገቴ ላይ ያለውን ክራቫት ፍቱ፣ አፌ ውስጥ ማንኪያም ጣትም እንዳታስገቡ፣ ሰዓት ያዙ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ 911። አንደኛው ሚዜ በዚያ ዕድሜው ሲጋራ አጫሽ ነው። ባሌ እጁን ዘረጋና "አንተ ላይተሩን አምጣ" አለው። ሰጠው። ላይተሩ እስከ ዛሬ እኛ ቤት ነው፣ ዕጣን የማጨሰው በእሱ ነው።